2147483647 ብቸኛ ቁጥር መሆኑን በእርሳስና በወረቀት ማረጋገጥ ይቻላል ወይ?

ሒሳብ ጸሐፊው (ቡሬ)

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ አባላት። በቡሬ አካባቢ የሚገኝ የአንድ ገበሬዎች ማኅበር የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የበቆሎ ሽያጫችንን የምንመዘግብበትን ፕሮግራም አንድ ወጣት በትርፍ ጊዜው ሠርቶልን ነበር፤ ሒሳቡ እንዳይዛነፍ በማሰብም ገንዘቡን ሁሉ በብር ሳይሆን በሳንቲም ቆጥሮ እንዲይዝ አደረገው። እስከ ባለፈው ሳምንት ድረስ አንዳች ጉድለት አላየንበትም። ጠቅላላ ድምሩ 21,474,836 ብር ከ47 ሳንቲም አልፎ አንድ ደረሰኝ ሲጨመርበት ግን ማኅበሩ በአንድ ጊዜ የ21 ሚሊዮን ብር ባለዕዳ ሆኖ ታየ። ሊቀ መንበራችን ወረቀቱን አገላብጠው ካዩ በኋላ ቀና ብለው እኔን ተመለከቱኝ፤ ያን አስተያየት እስካሁን አልረሳሁትም።

ደረሰኞቹን አንድ በአንድ ደምሬ ገንዘቡ እንዳልጎደለ ካሳየሁ በኋላ 2147483647 ስለሚባለው ቁጥር ማንበብ ጀመርኩ፤ በየቦታውም «ብቸኛ ቁጥር ነው» የሚል አገኘሁ። ሁለት ነገር እንድታስረዱኝ እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ፕሮግራሙ እዚያ ላይ የተሰናከለው ቁጥሩ ብቸኛ ስለሆነ ነው? ሁለተኛ፣ ባለ አሥር አሃዝ ቁጥር ከራሱና ከ1 በቀር ሌላ አካፋይ እንደሌለው ስልክ ስለነገረን ብቻ ሳይሆን በራሳችን እጅ ማረጋገጥ ይቻላል ወይ?

የጣና ዳር ኮደር (ባሕር ዳር)

ለመጀመሪያው ጥያቄዎ መልሱ አይደለም ነው። ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ቁጥር 32 ቦታ ይሰጣል፤ በየቦታው የሚጻፈው 0 ወይም 1 ብቻ ነው። አንዱ ቦታ ቁጥሩ ከዜሮ በላይ ወይም በታች መሆኑን ለማመልከት ይያዛል። የቀሩት 31 ቦታዎች በሙሉ በ1 ሲሞሉ የሚገኘው ቁጥር 2 ለ31 ጊዜ ተባዝቶ 1 ሲቀነስለት ያለው ነው፤ ይኸውም 2³¹ − 1 = 2147483647። ከዚያ በላይ አንድ ሳንቲም ሲጨመር ቁጥሩ ወደ ምልክቱ ቦታ ይፈስሳል፤ ትርፉም ዕዳ ይሆናል።

ብቸኛነቱ በዚህ ውስጥ ድርሻ የለውም። 32ቱም ቦታዎች በ1 ቢሞሉ የሚገኘው 4294967295 ብቸኛ አይደለም፤ 3 × 5 × 17 × 257 × 65537 ነው። ባለ 64 ቦታው ዓይነት የሚይዘው ትልቁ ቁጥር 2⁶³ − 1 ሲሆን እርሱም ለ7 ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ ሆኖም ሁለቱም በየራሳቸው ወሰን ሲደርሱ ያው ይፈስሳሉ። ወጣቱ የድምሩን ዓይነት ወደ ባለ 64 ቦታ ከለወጠላችሁ የጎጃም በቆሎ በሙሉ ቢሸጥም አይሞላም።

ነገሩ ስለተነሣ አንድ ልጨምር። ብዙ የቆዩ ኮምፒውተሮች ጊዜን የሚቆጥሩት ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. (በግሪንዊች ሰዓት ከእኩለ ሌሊት) ጀምሮ በሰከንድ ነው፤ በዚህችው ባለ 32 ቦታ ሣጥን ውስጥም ያስቀምጡታል። 2147483647ኛው ሰከንድ የሚሞላው ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. በእኛ ሰዓት ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ ነው። የጥምቀት ዕለት፣ ታቦታቱ ገና ከባሕረ ጥምቀቱ ሳይመለሱ መሆኑ ነው።

የቢቸና ተማሪ

ሁለተኛው ጥያቄ ቀላል ይመስለኛል። 31 ብቸኛ ቁጥር ስለሆነ 2³¹ − 1ም ብቸኛ ይሆናል። 2² − 1 = 3፣ 2³ − 1 = 7፣ 2⁵ − 1 = 31፣ 2⁷ − 1 = 127 ሁሉም ብቸኛ ናቸው።

መምህር ዘማርቆስ (ደብረ ማርቆስ)

የሚቀጥለውን ብትሞክረው ኖሮ ሐሳብህን ትለውጥ ነበር። 11 ብቸኛ ነው፤ 2¹¹ − 1 ግን 2047 ነው፤ 2047 ደግሞ 23 × 89 ነው። በዚህ መንገድ የተሳሳትህ አንተ ብቻ አይደለህም። ማሪን መርሴን የተባለው ፈረንሳዊ መነኩሴ በ1644 (እንደ አውሮፓውያን) አርቢያቸው እስከ 257 ከሚደርሰው መካከል ብቸኛ የሚሆኑት የትኞቹ እንደሆኑ ዘርዝሮ ነበር፤ 67ንና 257ን ያለ ቦታቸው አስገባ፣ 61ን፣ 89ንና 107ን ደግሞ ዘለለ። የ67ቱን አካፋዮች ፍራንክ ኮል በ1903 እስኪያሳይ ድረስ ከሁለት ተኩል ክፍለ ዘመን በላይ አልፏል፤ 193707721 × 761838257287 ናቸው።

እውነት የሚሆነው የነገሩ ግልባጭ ነው፤ አርቢው ብቸኛ ካልሆነ ቁጥሩም ብቸኛ አይሆንም። ይህን ለክፍሌ የማሳየው በጤፍ ነው። በመጀመሪያው ቀን 1 ፍሬ፣ በሁለተኛው 2፣ በሦስተኛው 4 እያልህ በየቀኑ እጥፍ አድርገህ ጎተራ ውስጥ ጨምር። በ10 ቀን 1023 ፍሬ ይኖርሃል። አሥሩን ቀን ሁለት ሁለት አድርገህ ክፈላቸው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀኖች 3 ፍሬ ሰጡህ፣ የሚቀጥሉት ሁለቱ የዚያን አራት እጥፍ፣ ቀጥሎ ያሉት ደግሞ የዚያን አራት እጥፍ። ስለዚህ እያንዳንዱ ጥንድ የ3 ብዜት ነው፤ ድምሩም የ3 ብዜት ይሆናል። አምስት አምስት ብትከፍላቸው ደግሞ ሁሉም የ31 ብዜት ሆኖ ታገኘዋለህ። 31 ቀን ግን በእኩል ቡድን አይከፈልም፤ ስለዚህ ይህ መንገድ ምንም አካፋይ አይሰጥህም። አይሰጥህም ማለት ግን አካፋይ የለውም ማለት አይደለም፤ የ2047 ነገር ይኸው ነው።

(በ31ኛው ቀን ማታ ጎተራው ውስጥ የሚኖረው በትክክል 2147483647 ፍሬ ነው። የጤፍ ፍሬ ክብደት እንደ ዓይነቱ ቢለያይም ሺው ፍሬ ሲሶ ግራም ያህል ስለሚመዝን፣ ከአራት እስከ ስምንት ኩንታል መካከል ይሆናል። ያን ጤፍ ፍሬውን ሳይሰብሩ ለ2 ሰው ይሁን ለ2 ሚሊዮን ሰው እኩል ማከፋፈል አይቻልም።)

አሁን ወደ ጠያቂው ልመለስ። አንድን ቁጥር ብቸኛ ነው ለማለት እስከ ዳግም ዘሩ ድረስ ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች ማካፈል ይበቃል። የዚህ ቁጥር ዳግም ዘር ከ46340 ጥቂት ያልፋል፤ እስከዚያ ድረስ ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች 4792 ናቸው። ይህን ሁሉ በእጅ ማካፈል ክረምት ያስጨርሳል። ሌዎንሃርድ ኦይለር ግን የዓይኑ ብርሃን በደከመበት ዘመን፣ በ1772 በጻፈው ደብዳቤ ቁጥሩ ብቸኛ መሆኑን አስታወቀ። የቻለውም አብዛኞቹ አካፋይ ሊሆኑ እንደማይችሉ ሳያካፍል ስላወቀ ነው። የ2³¹ − 1 ብቸኛ አካፋይ ቢኖር ለ248 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 63 መሆን አለበት፤ ሌላ ሊሆን አይችልም።

ባሕረ ሐሳብ ዘዲማ (ዲማ)

ይህን የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር መምህር ያለ ማስረጃ አለፉት። ከእናንተ ዘንድ ትምህርቱ ሌላ ስም ይኖረው ይሆናል፤ እኔ በለመድሁት ቋንቋ ልሞክረው፣ ከተሳሳትሁ ታርሙኛላችሁ።

ባሕረ ሐሳብ ስንቆጥር ዓመተ ዓለሙን በ19 ገድፈን ቀሪውን ብቻ እንይዛለን። የ2017 ዓመተ ዓለም 7517 ነው፤ በ19 ሲገደፍ 12 ይቀራል፣ አንዱን ለዘመን ትተን ወንበሩ 11 ይሆናል፤ 11 ጊዜ 11 በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 1፣ 11 ጊዜ 19 በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 29 ይወጣል። ትልቁ ቁጥር ይሄዳል፣ ቀሪው ይሠራል። ቀሪዎቹም በየዐውዳቸው ይመለሳሉ።

አሁን «ሀ» የሚባል ብቸኛ ቁጥር 2147483647ን ያለ ቀሪ ያካፍላል እንበል። እንግዲያው 2³¹ በሀ ሲገደፍ 1 ይቀራል። 1፣ 2፣ 4፣ 8 እያልን እያጠፍን፣ እያንዳንዱንም በሀ እየገደፍን ብንሄድ በ31ኛው እርምጃ ተመልሰን 1 ላይ እንቆማለን። የዐውዱ ርዝመት ከ31 ሊያንስ ይችላልን? ቢያንስ ኖሮ 31ን እኩል መክፈል ነበረበት፤ 31 ደግሞ እኩል አይከፈልም። አንድ እርምጃም ሊሆን አይችልም፤ 2 በአንድ እርምጃ ወደ 1 አይመለስምና። ስለዚህ ዐውዱ ልክ 31 ነው። ፒየር ደ ፌርማ በ1640 እንዳስተዋለው ደግሞ፣ ሀ ከ2 የተለየ ብቸኛ ቁጥር ከሆነ 2 ከሀ በአንድ ያነሰ ጊዜ ሲባዛ የግድ 1 ይቀራል። እንግዲህ ከሀ አንድ የተቀነሰለት ቁጥር ሙሉ ዐውዶችን መያዝ ስላለበት የ31 ብዜት ነው፤ ተጋማሽም ስለሆነ የ62 ብዜት ነው።

ከ62 ወደ 248 የሚወስደውን እርምጃ ግን አላገኘሁትም።

መምህር ዘማርቆስ

አባ፣ እኔ ከዚህ የተሻለ ባላስረዳሁትም ነበር፤ «ዐውድ» የሚለውን ቃል ከዛሬ ጀምሮ ለክፍሌ እወስደዋለሁ። የቀረችው እርምጃ ይህች ናት። 2³¹ በሀ ሲገደፍ 1 ከቀረ 2³² ሲገደፍ 2 ይቀራል። 2³² ደግሞ የ2¹⁶ ካሬ ነው። ስለዚህ 2 በሀ ዓይን የካሬ ቀሪ ነው ማለት ነው፤ 2 የካሬ ቀሪ የሚሆንላቸው ብቸኛ ቁጥሮች (ከራሱ ከ2 በቀር) ለ8 ሲካፈሉ 1 ወይም 7 የሚተርፋቸው ብቻ ናቸው። ይህን ደንብ እዚህ አላረጋግጠውም፣ ራሱን የቻለ የአንድ ሳምንት ትምህርት ነው። የ62 ብዜት ላይ አንድ ጨምረው ከሚገኙት መካከል ይህን የሚያሟሉትን ስንለይ 248 × ቀ + 1 እና 248 × ቀ + 63 ብቻ ይቀራሉ።

በትናንሽ ቁጥሮች ላይ ስትሞክሩት ጥቅሙ ወዲያው ይታያል። ለ8191፣ ማለትም ለ2¹³ − 1፣ በ62 ፈንታ የ13ን እጥፍ 26ን ይዘን ብንሄድ፣ እስከ ዳግም ዘሩ ድረስ ከዚህ ወንፊት የሚያልፈው 79 ብቻ ነው። 79 × 103 = 8137፤ ቀሪው 54 ነው። በአንዲት ማካፈል ጉዳዩ አለቀ። ለ127 ደግሞ አንዳችም ማካፈል አያስፈልግም፤ የመጀመሪያው እጩ 15 ስለሆነ ከዳግም ዘሩ ይበልጣል።

የቢቸና ተማሪ

መምህር፣ 131071ን (2¹⁷ − 1) በዚሁ መንገድ ሞከርሁት። እጩዎቹ 103፣ 137 እና 239 ሆኑልኝ፤ 273 በ3 ስለሚካፈል ጣልሁት። በ103 ሳካፍል 55 ቀረኝ። በ137 ሳካፍል 99 ቀረኝ። በ239 ሳካፍልም 99 ቀረኝ። ሁለት ጊዜ ደጋገምሁት፣ አሁንም 99 ነው። የት ላይ እንደተሳሳትሁ አላወቅሁም።

መምህር ዘማርቆስ

አልተሳሳትህም። 137 × 239 × 4 ስንት እንደሆነ አስላና ተመልከት፤ 130972 ነው፣ ከ131071 የሚያንሰውም በ99 ነው። ሁለቱም አካፋዮች ይህንኑ ቁጥር ስለሚጋሩት ቀሪያቸው አንድ ሆነ። በአጋጣሚ የመጣ ቢሆንም ለማየት ደስ የሚል ነው፤ እኔም ከዚህ በፊት አላስተዋልሁትም ነበር።

አባይ ማዶ (ደጀን)

ጨዋታውን ላበላሽባችሁ አይደለም፣ ግን በእጄ ያለው ስልክ ይህን በዓይን ጥቅሻ ይሠራዋል። በጥቅምት 2024 (እንደ አውሮፓውያን) ይፋ የሆነው 2¹³⁶²⁷⁹⁸⁴¹ − 1 ደግሞ 41,024,320 አሃዞች አሉት። በዚህ ዘመን ባለ አሥር አሃዝ ቁጥር ላይ እርሳስ መጨረስ ምን ይረባል?

የጣና ዳር ኮደር

ይህንኑ ጥያቄ ፒተር ባርሎው የተባለ እንግሊዛዊ በ1811 ጠይቆት ነበር። ከ2147483647 የሚወለደውን ፍጹም ቁጥር፣ 2305843008139952128ን፣ አንሥቶ ከዚህ የሚበልጥ ፍጹም ቁጥር መቼም አይገኝም፣ ነገሩ ለማወቅ ያህል እንጂ ጥቅም ስለሌለው ማንም አይደክምበትም ብሎ ጻፈ። (ፍጹም የሚባለው ከራሱ በቀር ያሉት አካፋዮቹ ሲደመሩ ራሱን የሚሰጥ ነው፤ 28 = 1 + 2 + 4 + 7 + 14።) በ1876 ኤድዋርድ ሉካስ 2¹²⁷ − 1 ብቸኛ መሆኑን አረጋገጠ፤ 39 አሃዝ ያለው ነው፣ ያኔም ኮምፒውተር አልነበረም። ዛሬ የዚህ ዝርያ የሆኑ 52 ብቸኛ ቁጥሮች ይታወቃሉ።

ስለ ጥቅም ከተነሣ፣ በይነ መረብ ላይ መልእክትና የገንዘብ ዝውውር ከሚጠበቁባቸው መንገዶች አንዱ ከ300 በላይ አሃዝ ባላቸው ሁለት ምስጢራዊ ብቸኛ ቁጥሮች ብዜት ላይ የቆመ ነው። ነገር ግን የመርሴን ቁጥሮች ለዚያ አይሆኑም፤ 52 ብቻ የሆነና ማንም የሚያውቀው ቁልፍ ቁልፍ አይባልም። እኔ ጥቅሙ የሚታየኝ ጠያቂያችን ባሉት ላይ ነው፤ ስልኩ «ብቸኛ ነው» ሲል ለምን እንዳለ አይነግርም፣ ባለፈው ሳምንትም ማሽን ያለውን ማመን ለቡሬው ማኅበር አልበጀውም።

መምህር ዘማርቆስ

እንግዲያው የሥራውን መጠን እንቁጠረው። ከ46341 በታች 248 × ቀ + 1 የሆኑት 186 ናቸው። 248 × ቀ + 63 የሆኑት ከራሱ ከ63 ጋር 187 ናቸው። 63 የ7ና የ9 ብዜት ስለሆነ ይወድቃል፤ 372 እጩ ቀረ። ከእነዚህም ውስጥ ራሳቸው ብቸኛ ያልሆኑትን ብንጥል፣ በግምት ከ4792ቱ ከስድሳ አንዱ እጅ፣ ማለትም ሰማንያ ያህል ይተርፉናል። ሰማንያ ማካፈል ለአንድ ክፍል ተማሪዎች የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

መጀመሪያ ላይ ያሉት እንዲያውም ሳሳ ያሉ ናቸው። እስከ 2500 ድረስ የሚተርፉት 311፣ 1303 እና 1489 ብቻ ናቸው። 559 የ13፣ 1241 የ17፣ 1799 የ7 ብዜት ነው። ቅድም ያነሣነው 2047ም ከእጩዎቹ መካከል ብቅ ይላል፤ 23 × 89 መሆኑን ስለምናውቅ እንሸኘዋለን።

የቢቸና ተማሪ

311ን እኔ ወሰድሁ። ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ያለ ቀሪ ተካፈለ! ድርሻው 6905097 ነው። መጨረሻው ላይ ያሉትን አሃዞች ለማየት 1 ጊዜ 7 ብል 7 ይሰጣል፣ የቁጥሩም መጨረሻ 7 ነው። እንግዲህ ኦይለር ተሳስቷል ማለት ነው?

ባሕረ ሐሳብ ዘዲማ

ልጄ፣ ኦይለርን ከመክሰስህ በፊት በ9 ግደፈው። የ2147483647 አሃዞች ሲደመሩ 46 ናቸው፤ 4ና 6 ደግሞ 10፣ እርሱም 1። የ311 አሃዞች 5 ይሆናሉ። የአንተ ድርሻ 6905097 ሲደመር 36 ነው፤ በ9 ሲገደፍ ምንም አይቀርም። 5 ጊዜ ምንም ምንም ነው፤ ሊሆን የሚገባው ግን 1 ነበር። ስለዚህ ድርሻህ ልክ ሊሆን አይችልም። የመጨረሻው አሃዝ ስለገጠመልህ ቀሪዋን ወደ ድርሻው ገፍተሃት ይሆናል።

የቢቸና ተማሪ

እውነትዎን ነው አባ። ድርሻው 6905092፣ ቀሪው 35 ሆነ። በ9 ገድፌ አየሁት፤ 5 ጊዜ 4 ሃያ፣ ይህም 2፤ 35 ደግሞ 8፤ ሁለቱ ሲደመሩ 10፣ እርሱም 1። አሁን ገጠመ። መምህራችን ያገኘሁትን 0 ሳያዩት በመታረሙ ደስ ብሎኛል።

ሒሳብ ጸሐፊው (ቡሬ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ወጣቱ ትናንት መጥቶ ድምሩን ወደ ባለ 64 ቦታ ለወጠው፤ ሊቀ መንበራችንም 21 ሚሊዮኑ ከነሳንቲሙ ሲመለስ አይተው «እኔማ ድሮም አልተጠራጠርሁም» አሉ።

ማታ ማታ ከሥራ በኋላ ሻይ አስቀርቤ፣ በተሠረዙ ደረሰኞች ጀርባ ላይ ማካፈሉን ጀምሬዋለሁ። የጠረጴዛዬ ማሽን ስምንት አሃዝ ብቻ ስለሚያሳይ አሥሩን አሃዝ አይቀበልም፤ ስለዚህ በድሮው ረጅም ማካፈል ነው የምሠራው። በ1303 ሳካፍል ድርሻው 1648107፣ ቀሪው 226 ነው። በ1489 ድርሻው 1442232፣ ቀሪው 199 ነው። ሁለቱም ድርሻዎች በ9 ሲገደፉ ምንም አይቀራቸውም፤ ቀሪዎቹ ግን እያንዳንዳቸው 1 ይሰጣሉ፣ ስለዚህ ፈተናውን አልፈዋል። ቀጥሎ በመጣው 2543 ላይ 844468 ደርሶኝ 1523 ተረፈ። በ9 ስገድፈው መጀመሪያ 8 ወጥቶልኝ ነበር፤ ስሕተቱ የተገኘው አንዷን 4 እንደ 9 ስላነበብኋት ነው። አርሜ ስሞክረው 1 ሆነ።

መምህር፣ ክፍልዎ የሚጀምርበትን ቀን ቢነግሩኝ ከታች በኩል እስከ 10000 ያሉትን ለእኔ ተዉልኝ። 2729 ለነገ ነው።